ቤት እንዲመታ የጨመርኩት ስም

መሐሪን ይዞልኝ የመጣው ዓለምነህ ነው። ዓለምነህ በከተማችን ባለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ የሰልጣኞችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ነው። ልብስ ስፌት የሚማሩትን ልጆች ለልምምድ በየሱቁ ሲደለድል፣ መካነ ኢየሱስ ገበያው ዳር ላለችው ለእኔ ሱቅ ሁለት ልጅ ይደርሳታል። በዚያ ዓመት የደረሱኝ ፅጌረዳ የምትባል የዚሁ ከተማ ልጅና መሐሪ ነበሩ። መሐሪ የስማዳ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመቱ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲናገር አንገቱን ደፋ የሚያደርግ።

ዓለምነህ ወረቀት አስፈረመኝ። ላይኛው ስለ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው። ከታች ሌላ ነገር ነበረበት።

«ይኼኛው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልጆቹ ላይ ለውጥ ካዩ ይደውሉልኝ ነው የሚለው። ድንገት ዝም ካሉ፣ ከጓደኛ ከተለዩ፣ የማያውቁት ሰው እየመጣ ከወሰዳቸው፣ ሰውን በዘሩ መጥላት ከጀመሩ። ዛሬ በስልክ ስንቱ ልጅ እያየነው እየተወሰደብን ነው።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጠቋሚ አደረግኸኝ እንዴ?»

«ጥቆማ አይደለም እትዬ ውባንቺ። አደራ ነው።»

ሳቅሁና ፈረምኩ።

መሐሪ እጀ ቀና ነበር። አንድ መጥፎ ልማድ ነበረው፤ ክሩን በመቀስ አይቆርጥም፣ በጥርሱ ነው። «ጥርስህን ለቆሎ አስቀምጠው!» ብዬ የቆጣሁት ቀን አይቆጠርም። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመ የራሱን ነገር ይሰፋል። አንድ ቀን እጅጌውን አንስቼ አየሁት።

«ይኼ የሰው ነው የዝንጀሮ?»

«የወንድሜ ልክ ነው እትዬ። ክንዱ ረጅም ነው።»

«ዝንጀሮ ነው በለኛ!» አለች ፅጌረዳ፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ወንድሙ ካሴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ መሐሪን ያሳደገው፣ ከስማዳ አውጥቶ ለትምህርት ያበቃው እሱ ነው። መሐሪ የመጀመሪያውን ሙሉ ኮት ለእሱ ነበር የሚሰፋው። መምህሩ ብርሃኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለግምገማ ሲመጣ ያንን ኮት ገልብጦ ያየዋል፤ የተነሳውን ጠርዝ በጣቱ ይነካና ምንም ሳይል ኖራውን አንስቶ መስመር ያሰምርበታል። መሐሪ ያንን መስመር እንደ ዳዊት ነበር የሚያነበው። ብርሃኔ የዚህ አገር ሰው አይደለም። ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ ካለ አገር ተመድቦ መጥቶ አሥር ዓመት ኖሯል፤ አማርኛው ላይ ትንሽ የእናቱ ቋንቋ ይቀራል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ከየት እንደመጣ ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም።

እኔ ከስፌቱ ሌላ አስለቃሽ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። በልጅነቴ ለቅሶ ላይ ቆሜ የሰማሁትን እየደገምኩ፣ በኋላ የራሴን እየጨመርኩ ተጠርቼ የምሄድ ሆንኩ። ከእስቴ እስከ ጋይንት አርብ ገበያ ድረስ ጠርተውኛል። ሰው ሲሞት ስሙን፣ ሥራውን፣ ዘመዱን ጠይቄ እቆማለሁ፤ ግጥሙ ራሱ ይመጣል። በዚህ ኩራት ነበረብኝ። ይህን መደበቅ አልችልም።

በጥቅምት አንድ ረፋድ የመሐሪ ስልክ ጮኸ። ጨርቅ እየቆረጠ ስለነበር ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ያዘው። መቀሱ ቆመ። ከዚያ ጨርቁ ላይ ቁጭ አለ። ካሴን ከወንዝ ማዶ መንገድ ላይ ገድለውታል።

ሱቁን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ። እስከ ወገዳ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ሬሳው አልመጣም፤ እዚያው በወደቀበት አገር ተቀብሯል። ስለዚህ እኛ ዘንድ እንደሚደረገው፣ እርም ለማውጣት ልብሱን ሜዳ ላይ ዘርግተው ሊያለቅሱ ነው። ከልብሱ መሀል ያ ኮት ነበር፤ መሐሪ ይዞት መጥቶ ነው፣ አንድ እጅጌው ገና በወፍራም ስፌት እንደተያያዘ።

ከመቆሜ በፊት እንደ ልማዴ ልጠይቅ ሾፌሩን ሀብቴን ጠራሁት። አጥር ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

«ማን ነው የገደለው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ንጋት ላይ ነው። ጭጋጉ ከመኪናው አፍንጫ አያሳልፍም። ጎማ ሊያይ ወረደ፤ ተኩስ ሰማሁ። የዚያ አገር ሰው ይሁን መንገደኛ ሌባ ይሁን፣ በማርያም፣ ፊት አላየሁም። የቀበርኩትም ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ነው፤ አብረውኝ ቆፈሩ።»

ይህን ነገረኝ። ሰማሁት። ከዚያ ተነስቼ ሜዳው መሀል ቆምኩ።

መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው፦

ኮቱ ተሰፍቶለት ክንዱ ሳይገባበት፣
ደጅ ተዘርግቶ ዋለ ባለቤት ጠፍቶበት።

ሰዉ አነባ። እናቱ እትዬ ታንጉ ደረቷን መታች። እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። ግን ለቅሶ ሲሞቅ አስለቃሹን ይገፋዋል። ወንዶቹ መፎከር ጀመሩ፤ ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ግጥም የመጀመሪያው መስመሩ ወጥቶ ሁለተኛው መድረሻ አጣ። አፌ ላይ የዚያ የወንዝ ማዶ አገር ሰዎች ስም መጣ። ከመስመሩ ጋር ልክ ገጠመ። አልኩት። ከዚያ በወጉ መሠረት ወንድሞቹን ነካሁ፤ ሱሪ ታጥቆ የሚወጣ የለም ወይ የሚል ነገር። ያንን ግጥም እዚህ አልጽፈውም። ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

መሐሪ ካቀረቀረበት ቀና ብሎ አየኝ። ከሰማ ሰው ይልቅ፣ የጠፋበትን ነገር እጁ ላይ ያስቀመጡለት ሰው ይመስል ነበር።

በሳምንቱ ሁለታችንም ሱቅ ተመለስን። በሁለተኛው ሳምንት ባዩ ገባ። ባዩ ከዚያው ማሰልጠኛ በኤሌክትሪክ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ፊት ለፊቴ ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው፤ አንደበቱ ጣፋጭ ነው።

«እትዬ ውባንቺ! አርባ ሺህ ሰው ሰምቶዎታል እኮ!»

«የምን አርባ ሺህ?»

ስልኩን ዘረጋልኝ። የእኔ ድምፅ ነው፤ ለቅሶው ላይ አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። ያቺ ሦስተኛዋ ግጥም ብቻ ተቆርጣ ወጥታ፣ ከኋላዋ የተኩስ ድምፅ ተጨምሮባት፣ የተቃጠለ ቤት ሥዕል እየተገለባበጠባት። ከሥር ሰዎች የጻፉትን አነበበልኝ። እኔ በስልክ ሰው ሊሰማኝ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ጊዜ አሰማኝ ብዬዋለሁ።

መሐሪ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጁ ጸጥ አለ። ሥራው አልተበላሸም፤ እንዲያውም ስፌቱ ይበልጥ ቀና። ምሳ ሲደርስ ግን ከፅጌረዳ ጋር መብላት ትቶ ባዩ ጋ ይሻገራል። እዚያ ከማሰልጠኛው የቀሩ አራት አምስት ልጆች ይሰበሰባሉ። ሱቅ ሲመለስ ጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ ገመድ ሰክቶ ይሰፋል። አንድ ቀን ገመዱ ተነቅሎ ድምፁ ሲወጣ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምልክት ሁሉ በየተራ ከፊቴ አለፈ። ዓለምነህ ጋ አልደወልኩም። ሐዘን ነው አልኩ። ጠቋሚ ልባል ነው እንዴ አልኩ። እውነቱ ግን፣ ከደወልኩ ግጥሙ የማን እንደሆነ ሊነሳ ነው።

ብርሃኔ ለግምገማ መጣ። እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ወደ መሐሪ ሄደና ትከሻውን ነካ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ከዚያ የሚቆረጠውን ጨርቅ አይቶ መቀሱን አነሳና እጀታውን ወደ ልጁ አድርጎ ዘረጋለት።

መሐሪ አልተቀበለም።

«ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት» አለ።

«ምን?»

«ከእጅዎ አልቀበልም። ያስቀምጡት፣ አነሳዋለሁ።»

ፅጌረዳ መርፌዋን ጣለች። ብርሃኔ መቀሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ለምን እንደጠረገው አላውቅም። ሲወጣ ተከትዬው ደጅ ወጣሁ።

«መምህር፣ ሐዘን ላይ ነው፣ አይቀየሙት…»

«አልተቀየምኩም። ግጥሙን ሰምቼዋለሁ ወይዘሮ ውባንቺ። ጥሩ ግጥም ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ደግነቱ እናቴ ስልክ የላትም።»

በዚያች ሰዓት ነው የገባኝ። አርባ ሺህ ሰው ሰማኝ ሲሉኝ አንድም ፊት አልታየኝም ነበር። አሁን አንዲት አሮጊት ታየችኝ፤ አንድ ሰው ቤቷ ገብቶ ያንን ሲያሰማት።

በማግስቱ ፅጌረዳ መሐሪ በሌለበት በሩን ገርበብ አድርጋ ጠጋችኝ።

«እትዬ፣ ማንም እንዳይሰማ። የካሴ አርባ እሑድ ነው አይደል? ባዩ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ደም ዝም ብሎ አይቀመጥም ብሏቸዋል። ሰኞ በምሳ ሰዓት መምህር ብርሃኔ ቤት ሊሄዱ ነው። ከዚያ ሁሉም ከተማውን ለቀው ይወጣሉ።»

«መሐሪስ?»

«በሩን የሚያንኳኳው እሱ ነው። መምህር ለእሱ ይከፍቱለታላ።»

ደወልኩ። ዓለምነህ እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ አልተቆጣም። ሱቅ መጥቶ፣ ደብተሩን ሳይከፍት በርጩማው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ብርሃኔን ዛሬውኑ ደብረ ታቦር አደርሰዋለሁ። የባዩን ነገር ለሚመለከተው እነግራለሁ፤ እሱን ዝም አልለውም። ልጁን ግን መጀመሪያ ሌላ ሰው ከያዘው፣ ከወንድሙ ገዳይ ጋር ወገን አድርጎ ነው የሚቆጥረን። እርስዎ ያናግሩት።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ።»

መሐሪን አስቀምጬ ነገርኩት። ሀብቴ ያለኝን፤ ጭጋጉን፤ አብረው የቆፈሩትን ሰዎች። መሐሪ እየሰማኝ በጣቱ የጠረጴዛውን ስንጥቅ ይከተል ነበር።

«ይኼን መቼ ነው ያወቁት?»

«ከመቆሜ በፊት።»

«ታዲያ ስማቸውን ለምን ጠሩ?»

«ቤት እንዲመታ።»

ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም አያሰማኝ።

«እኔ እኮ እትዬ፣ የምበላው በዚያች ቃል ነበር። የምተኛው በዚያች ቃል ነበር። ቢያንስ ማን እንደሆነ አውቃለሁ እል ነበር።»

«በድያለሁ ልጄ።»

«ለእኔ ብቻ አይደለም ያሉት። በሜዳ ነው ያሉት። እናቴ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ይበሉት። ካላሉት ሰኞ የማደርገውን አውቃለሁ።»

«እላለሁ» አልኩት።

እሑድ ስማዳ ዳስ ተጥሎ፣ ፍትሐቱ አብቅቶ፣ ሰው በልቶ ጠላው ሲዞር ተነሳሁ። ሰዉ ጸጥ አለ፤ የመጣሁት ላስለቅስ መስሏቸዋል። አንድ ሁለት ልጆች ስልካቸውን ወደ እኔ አነሱ። ግጥም አላልኩም። እንደ ማንኛውም ሰው ተናገርኩ።

«ካሴን ማን እንደገደለው አላውቅም። ሀብቴም አላየም፤ ይኸው ተቀምጧል፣ ጠይቁት። ያን ዕለት የሰው አገር ስም የጠራሁት ለግጥሙ ብዬ ነው። ዋሽቻለሁ።»

ከዚያ ከበሩ በኩል አንዱ ጮኸ።

«ስንት ከፈሉሽ?»

«ፈርታ ነው! ሴትዮዋን ፍርሃት ያዛት!»

«ሂጂ ቀሚስሽን ስፊ!»

አባ ወልደ ሰንበት፣ የካሴ የነፍስ አባት፣ መቋሚያቸውን ከመሬት አጋጩት።

«ተቀመጡ! ሴትዮዋ ንስሐ እየገባች ነው። በንስሐ ላይ የሚጮኸው ማን ነው? እስቲ ይነሳና የራሱን ይንገረን!»

አንድም ሰው አልተነሳም። ሀብቴን ጠየቁት፤ ያለውን ደገመው። ያኔ እትዬ ታንጉ ወደ እኔ መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

«ውባንቺ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስነሳ የምረግመው ነበረኝ። አሁን ማንን ልርገም?»

«እኔን እርገሚ።»

«አንቺንማ እንዴት? ልጄን ያስለቀስሽልኝ አንቺ ነሽ።»

እጄን ያዘችና ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ከዚህ ይልቅ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ስል መሐሪ ከዳሱ ወጥቷል።

ሰኞ ከጠዋቱ ጀምሮ እኔና ዓለምነህ የብርሃኔ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ቤቱ ባዶ ነው፤ ግን መሐሪ ይመጣ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከባዩ ጋር የሚውሉት ሁለት ልጆች ብቅ አሉ። እኛን ሲያዩ መሀል መንገድ ላይ ቆሙ።

«መሐሪ አልመጣም እንዴ?» አለ አንዱ።

«አልመጣም» አልኩ።

ተያዩ። ያለ እሱ በሩን የሚያስከፍት አልነበራቸውም። ተመልሰው ሄዱ። የባዩ ሱቅም ከዚያ ቀን በኋላ አልተከፈተም።

መሐሪ ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕም። ፅጌረዳ ናት የነገረችኝ፤ ከዳሱ እንደወጣ ሀብቴን ይዞ፣ የካሴን መቃብር ልየው ብሎ በዚያው በሀብቴ መኪና ወንዙን ተሻግሯል። ጥላቻ ነው ወይስ ናፍቆት የወሰደው፣ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላወቅሁ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ለወራት ጠፋ። ለሞተ ሰው ግጥም አለኝ፤ ብዙ አለኝ። መሐሪ ግን አልሞተም፤ ለእሱ ምን ይባላል? ሌሎች ሰልጣኞች መጡልኝ፤ ጎበዞች ናቸው። አንዷ ክር በጥርሷ ስትቆርጥ አየኋትና ልቆጣት አፌን ከፍቼ አቃተኝ፤ ጓሮ ወጥቼ ቆየሁ። ዝናብ ሲያባራ፣ ከስማዳ መኪና ሲገባ፣ ከሚወርዱት መሀል ረጅም ሰው ካለ እግሬ ከመሬት ይነሳል። ዛሬም ይነሳል። ሰው ሲሞት ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ። የሞተውን አነሳለሁ፤ ገዳይ አላነሳም። ግጥሟ ቀዘቀዘ ይሉኛል።

ብርሃኔ ተመልሶ ሥራው ላይ ነበር። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሱቄ ገባና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ይደውልልኛል» አለ።

«ማን?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ገባኝ። የምሰፋውን ይዤ ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ለእሱ ነው የሚደውለው፤ ከእጁ መቀስ አልቀበልም ላለው ሰው። ለእኔ አይደለም።

ስልኩ ጮኸ። ብርሃኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የኮቱ አንገት አስቸገረኝ። ስገለብጠው ጫፉ ይነሳብኛል።»

ድምፁ ወፍሯል። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ከሥር የሚገባውን ጨርቅ በጥቂቱ አሳንሰው። ሁለት ሚሊ ይበቃል። ያኔ ላይኛው ይስበውና ይተኛልሃል።»

«እሺ። ደግሞ… መቃብሩን ዳር ዳሩን ድንጋይ ደርድረውበታል አላልኩዎትም? አሁን ሣር በቅሎበታል።»

«ማን እንደደረደረው ጠየቅህ?»

«አልጠየቅኩም። የሰፈሩ ሰዎች ማሽን አግኝተውልኝ እዚሁ ነው የምሰፋው። መምህር፣ የት ነዎት?»

«ሱቅ ነኝ።»

«የማን ሱቅ?»

ብርሃኔ አየኝ። እኔም አየሁት።

«ማሽን ይሰማኝ ነበር» አለ መሐሪ። «አሁን ቆመ።»

ብርሃኔ ስልኩን አንስቶ ወደ አፌ አስጠጋልኝ። እኔ ሺህ ሰው ፊት ቆሜ ቃል ያላጣሁ ሴት፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። ይቅርታውን ብያለሁ፤ ናፈቅኸኝ ለማለት ደግሞ ምን መብት አለኝ? በዚያ በኩል ትንፋሹ ይሰማኛል። ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«መምህር» አለ በመጨረሻ፣ «ይስፉ ይበሏቸው። ሲሰፉ ልስማ።»

እግሬን ፔዳሉ ላይ መለስኩ። ጨርቁ ከመርፌው ሥር ወጥቶ መሬት ወድቋል፤ ልብ አላልኩትም። ካርዱ እስኪያልቅበት ድረስ ባዶውን ሰፋሁ።